በሽማግሌ እርምጃ የሚሄደው ሰርቨር

ሲስተር አየለች ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ አይደለም። በቴሌግራም አይደለም። ፌስቡክ ላይ ፎቷቸው ከሻማ ጋር ተለጥፎ አይቼም አይደለም። ዛሬ እኮ የጎረቤትህን ሞት አረብ አገር ያለችው የአክስትህ ልጅ ቀድማህ ሰምታ «ነፍስ ይማር» የምትልህ ዘመን ነው። እኔ ግን ሦስት ሰዎች ከሶዶ እኔ ወደነበርኩበት ቤሌ ድረስ መጥተው፣ ወንበር አስመጥተው፣ አስቀምጠው ነው የነገሩኝ። እንዲህ ያለ ክብር የሚደርሰው ሰው በወላይታ ዞን ጥቂት ነው፤ እኔ አንዱ ነኝ። ክብሩን ያዘዙልኝ ሟቿ ራሳቸው ናቸው፤ መሣሪያውን የገጠምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ግማሹን ለእሳቸው ሰጥቼ ግማሹን ለራሴ እወስዳለሁ። ቢሰሙ «ከግማሹም ቀንስ» ይሉኝ ነበር።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። (ሚስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ የምትስቀው ሳቅ ከአሁኑ ይሰማኛል።) ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ ከመጠገን ጀምሬ ወደ ሞባይል፣ ከሞባይል ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ሰርቨር የወጣሁ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ፕሪንተር ልጠግን ብቻ ነው፤ ፕሪንተሩ ግን ይኸው ዛሬም ይሠራል። እንግሊዝኛዬንም ያገኘሁት ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ «ተሳስተሃል፣ ተሳስተሃል» እያለ ሲሰድበኝ ነው። ሲሰደብ የሚማር ሰው ደግሞ አይረሳም።

ሲስተር አየለችን ያወቅኳቸው ሶዶ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል ሲጠራኝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ከፈለጉ ያናግሩኝ። ሲስተር በመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ሆነው ዘመናቸውን ጨርሰው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መቀመጥ አልሆን ብሏቸው እዚያ የነርሶች አለቃ ሆነው ገብተዋል። አጭር ናቸው፣ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲመጡ ረጃጅሞቹ ናቸው ግድግዳ የሚጠጉት። ነጭ ጫማቸው በሶዶ ጭቃ መሐል ነጭ ሆኖ ይውላል። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኔ ደግሞ የማይገባኝ ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲያወሩህ እጅህን ይይዛሉ። አንተ ሰላምታ መስሎህ ትሰጣቸዋለህ። ጣታቸው ግን ቀስ እያለ ወደ አንጓህ ይወርድና የልብ ምትህን ያገኛል። ዓይናቸው ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለችው ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስቲ ዋሽ!

መጀመሪያ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጂነሩ አንተ ነህ?»

«በሥራ ነው ሲስተር፣ በወረቀት አይደለም።»

«ትችላለህ?»

«ከሀዋሳ እስከ አርባ ምንጭ እኔን የሚያክል ካለ ይምጣና እንተያይ።»

ሰዓታቸውን አዩ። አንጓዬን አልለቀቁም። «ጉራህ ጤነኛ ነው» አሉ። «ልብህ ግን ይቸኩላል። ቁርስ በልተሃል?»

እውነትም አልበላሁም ነበር።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ሆስፒታሉ አረካ፣ ገሱባና ቤሌ ትንንሽ ክሊኒኮች አሉት። ጠና ያለውን በሽተኛ ወደ ሶዶ ይልካሉ። በሽተኛው ከአንድ አስታማሚ ጋር ይመጣል። ቤት የቀረው ዘመድ ደግሞ «እንዴት ሆኑ?» የምትለዋን አንድ ቃል ለመጠየቅ መኪና ተሳፍሮ ሶዶ ይመጣል። የገሱባን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠያቂው ራሱ አልጋ የሚፈልግ ሆኖ ነው የሚደርሰው። የሆስፒታሉ ባለቤት ዶክተር ዳዊት (በዕድሜ ያንሰኛል፣ ስለዚህ አንቱታውን ፊቱ ላይ ብቻ ነው የምጠቀመው) አንድ ሐሳብ መጣለት። የሶዶው ሰርቨር ላይ ያለው መረጃ በየክሊኒኩ ሰርቨር ላይ ይገልበጥ፤ ዘመድ የቤሌው መስኮት ጋ ሄዶ ይጠይቅና ወደ እርሻው ይመለስ። ጥሩ ሐሳብ ነው። የእኔ ቢሆን ኖሮ የበለጠ አመሰግነው ነበር።

ይህን ነገር ባለሙያዎች ሬፕሊኬሽን ይሉታል። ሶዶ ላይ አንድ ነገር ስትጽፍ ቤሌ ላይ ራሱን ይጽፋል። መብራት ከጠፋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ለሲስተር ሳስረዳቸው በቅርጫ አስረዳኋቸው።

«በሬው ሶዶ ነው የሚታረደው። ለየክሊኒኩ መደብ መደቡ ይሄዳል።»

«በሬ አታምጣብኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉ። «ደብዳቤ ግርጌ ላይ ‹ግልባጭ› ብለን ለማን እንደሚሄድ እንደምንጽፈው ነው?»

«ልክ እንደሱ!»

«እና ሁሉም ደብዳቤ ለሁሉም ሰው ግልባጭ ይደረጋል እንዴ?»

አያችሁ? እኔ ሁሉንም ልልክ ነበር። የሚቀለው እሱ ነው፤ አንዲት ትእዛዝ ትጽፍና ሻይህን ትጠጣለህ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ቴብሎቹን፣ ማለት መረጃው የሚቀመጥባቸውን ሠንጠረዦች፣ አንድ በአንድ አስጠሩኝ። የበሽተኛ ስም፦ ይሂድ። ክፍል፦ ይሂድ። ሁኔታ፣ ማለት ተኝተዋል፣ ተሻሽለዋል፣ ወደ ቤት ሄደዋል የሚለው፦ ይሂድ። የላብራቶሪ ውጤት ላይ ስንደርስ እጄን ያዙ።

«ይሄ ከዚህች ግቢ አይወጣም።»

«ሲስተር፣ ቤሌ ያለችው መስከረም እኮ ጨዋ ልጅ ናት።»

«መስከረምማ ወርቅ ናት። ግን ቤሌ ውስጥ ዘመዷ ያልሆነ ሰው ንገረኝ። ለምን እናስጨንቃታለን? ያላየችውን አትደብቅም።»

መስከረም ማለት የቤሌው ክሊኒክ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ትችላለች። ሲስተር ነበሩ ያሠለጠኗት።

የሙከራው ቀን ዶክተሩ ቢሮ ሦስታችን ተሰበሰብን። ባንዱ ላፕቶፕ የሶዶው፣ በሌላው የቤሌው ስክሪን ይታያል። አንድ የፈጠራ በሽተኛ አስገብቻለሁ፤ ስሙንም «አቶ ሙከራ» ብዬዋለሁ። ሶዶ ላይ «ተሻሽለዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዓይን ሳይጨፈን ቤሌ ላይ «ተሻሽለዋል»። ዶክተሩ አጨበጨበ። እኔ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ማቆም አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። «ይህን ደግሞ እዩ!» አልኩና አቶ ሙከራን ገደልኳቸው። «አርፈዋል» ብዬ ስጽፍ፣ ቤሌም «አርፈዋል»። ጣቴን አጮህኩ። «መብረቅ ነው!»

ዶክተሩ ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቁም። እጃቸው አንጓዬ ላይ ነበር።

«አሁን» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአቶ ሙከራ ልጅ ቤሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር እንበል። መስከረም ምን ትለዋለች?»

ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«ዶክተርዬ፣ መርዶ በመስኮት አይነገርም።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲስተር፣ ይሄ ሲስተም ነው። ሲስተም እውነቱን ነው የሚያሳየው። ሰኞ እንጀምራለን ብዬ ለሦስቱም ክሊኒክ ተናግሬያለሁ።»

ያኔ ነው ሲስተር ያቺን ታሪክ የነገሩን። ሲነግሩን ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም፤ የሙቀት መጠን እንደሚያነቡ ነው ያወሩት። እናታቸው ቤሌ ነበሩ። አንድ ጠዋት ሲስተር ከአዳር ሥራ ወጥተው፣ ለእናታቸው አቮካዶ ገዝተው፣ ፌስታሉን አንጠልጥለው መናኸሪያ ደረሱ። ረዳቱ ወንበር ሊሞላ ይጣራል፦ «ቤሌ! ቤሌ! ለእማማ ጎዳኔ ለቅሶ የምትሄዱ፣ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!» እማማ ጎዳኔ እናታቸው ናቸው።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ ሲስተር። «የሰማውን ነው የተናገረው። እውነት ነው፣ ፈጣን ነው። አቮካዶው ግን መሬት ላይ ሲንከባለል ሰው ሁሉ እየለቀመ ‹እናቴ፣ ወደቀብሽ› እያለ ይሰጠኝ ነበር። እኔም አመሰግን ነበር። እስከ ቤሌ ድረስ ፌስታሉን ታቅፌ ነው የሄድኩት።»

ዶክተሩ መስኮቱን ያይ ነበር። ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ወርዷል። ከዚያ «እሺ» አለ። «እስከ ሰኞ መላ ካገኛችሁለት ይሁን። ካላገኛችሁ ግን እንደዚሁ ይጀመራል። መንገድ ላይ የሚንገላታውም ሰው ነው።» እውነት አለው፤ ፊቱ ላይ ባልነግረውም።

አሁን ሁለታችን ቀረን። ሲስተር መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚሄድ ለኮምፒውተር እንደሚያስተምሩ ሁሉ ዘረዘሩልኝ። አስታማሚው ለቤት አይደውልም፤ ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለጎረቤት ይደውላል። ሽማግሌው ሰው ይሰበስባል። የሟቹ ልጅ እጁ ላይ ቢላ ወይም ሕፃን ይዞ እንደሆነ ያያሉ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ እሱንም ያስቀምጡታል። ከዚያ ነው የሚነገረው።

«ኮምፒውተርህ ይህን ሁሉ መቅደም የለበትም» አሉ። «በሽማግሌ እርምጃ ይሂድ።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ሳፈጥን የኖርኩ ሰው ነኝ። አዘግይ ያለኝ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን የማልችለው ነገር አለ እንዳይባል ገባሁበት። ማጣሪያ ሠራሁ፦ «አርፈዋል» የሚል ነገር ያለበት መስመር ከሶዶ እንዳይወጣ። ቀላል! ዶክተሩን ጠርተን ልናሳየው ስንል ሲስተር አቶ ሙከራን አንፈልግም አሉ።

«እኔን አስገባኝ።»

«ሲስተር?»

«አየለች ብለህ አስገባኝ። አስተኛኝ። ከዚያ ግደለኝ።»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ በገዛ እጄ!»

«ጉረኛ! ግደለኝ አልኩህ፣ ሰኞ ደርሷል።»

አስገባኋቸው። «አየለች፣ ክፍል ሁለት፣ ተኝተዋል።» ቤሌ ላይ ታየ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ «አርፈዋል» አልኩ። ቤሌ ላይ «አርፈዋል» የሚል ነገር አልመጣም። እጄን ወደ ሰማይ ልዘረጋ ስል ሲስተር ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ። «እኔስ የት ሄድኩ?»

መስመሩ የለም! ሰርቨር የዋህ ነው፤ «ይህ ሰው ከእንግዲህ ለቤሌ የማይላክ ከሆነ ቤሌ ያለውንም ላጥፋው» ብሎ ስማቸውን ሙልጭ አድርጎ ሰርዞታል። ገና ምን ልበል እያልኩ ስልኬ ጮኸ። መስከረም ናት። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት።

«ጋሼ! ሲስተር ስክሪኑ ላይ ተኝተው አይቼ ስደነግጥ፣ አሁን ደግሞ ጠፉ! ምን ሆኑብኝ? እውነቱን ንገረኝ! ወዮ እናቴን!» ለቅሶው ቢሮውን ሞላው። ከኋላዋ ደግሞ ሌሎች ተቀብለው ማልቀስ ጀምረዋል።

ሲስተር ስልኩን ነጠቁኝ። «መስኪ፣ አለሁ። ሬሳው ነው የሚያናግርሽ። አፍንጫሽን ጥረጊ።»

«ሲስተር? አሉ?»

«አለሁ አልኩሽ። እነዚያ የሚያለቅሱትን ማን ጠራቸው?»

«ለጥርስ ነው የመጡት።»

ዶክተር ዳዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ቀልቷል። የመስከረምን ጩኸት በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ይህ ሙከራ ነው፤ እውነት ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ «ሲስተም ነው» የምትለዋን ነገር ከአፉ አልሰማኋትም።

«የጠፋ ሰው ከሞተ ሰው ይብሳል» አሉ ሲስተር። «ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ ‹ከስክሪን የጠፋ ሞቷል› ይላል። አልሆነም፣ ኢንጂነር።»

መጨረሻ ላይ ያገኘሁት መላ እስከ ዛሬ ያኮራኛል፤ ስለዚህ በቀስታ አንብቡልኝ። ሞት የራሱ ቴብል ተሠራለት። ያ ቴብል ሶዶ ተወልዶ ሶዶ የሚቀር ነው፤ ለማንም ግልባጭ የለውም። ሐኪም የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው። ወደ ክሊኒኮቹ የሚሄደው ቴብል ላይ የበሽተኛው መስመር ማንም ሳይነካው በነበረበት ይቆያል። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ደርሰው፣ ነግረው፣ ወደ ሶዶ ሲደውሉና «ተቀምጠናል» ሲሉ ሲስተር አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ። ቁልፏ ላይ «ተነግሯል» ይላል። ያኔ ብቻ ቤሌ ያውቃል።

ዶክተሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችው። «እስከዚያ ድረስ ‹ተኝተዋል› ካለ ውሸት አይሆንም?»

«ውሸትማ አይደለም» አሉ ሲስተር። «መንገድ ላይ ያለ እውነት ነው። እየመጣ ነው፤ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

ሰኞ ተጀመረ። ሠራ። የገሱባ ሰው በክረምት መኪና ላይ መንገላታቱን ተወ። ሲስተር ያቺን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ከመጫናቸው በፊት ጫማቸውን ያያሉ፣ ጋዋናቸውን ያስተካክላሉ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። አንድ ቀን ሳያቸው ቀለድኩባቸው።

«ሲስተር፣ ኮምፒውተሩ እኮ አያይዎትም።»

«አንተን ግን እያየሁህ ነው። ሸሚዝህን አስገባ።»

«እኔ ስሞትስ ቁልፌን እርስዎ ይጫኑልኛል?»

«አንተ ስትሞት ቁልፍ አያስፈልግህም፤ ጸጥታው ይነግረናል።»

በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ታመሙ። እዚያው ሆስፒታል ተኙ፤ ክፍል ሁለት። ክፍሉን ራሳቸው ናቸው የመረጡት። «አንዴ ሞቼበታለሁ፣ እለምደዋለሁ» ብለው። በየቀኑ እየሄድኩ አስቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አልጋ ላይ ሆነው የእኔን የልብ ምት ይለካሉ። አንድ ቀን ቤሌ መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ዕቃዎቹን አቃጠላቸው፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ሂድ ሥራላቸው» አሉኝ።

«ነገ እሄዳለሁ ሲስተር። ዛሬ እዚህ ልሁን።»

አንጓዬን ያዙ። ሰዓታቸው ደረታቸው ላይ አልነበረችም፤ ያለ ሰዓት ቆጠሩ። «አሁንም ትቸኩላለህ» አሉ። «ሂድ። ሰው መንገድ ላይ ነው።»

ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት የተቃጠለውን ቀይሬ ሰርቨሩን አስነሳሁት። ካቆመበት ቀጠለ፤ ያመለጠውን ሁሉ ሰብስቦ መስመሮቹን ደረደረ። መስከረም ከጀርባዬ ቆማ «ጋሼ፣ ሲስተር እንዴት አደሩ?» አለችኝ። ስማቸው ጋ ወረድኩ። «አየለች፣ ክፍል ሁለት፣ ተኝተዋል።» ልክ እንደ ትናንቱ።

«ይኸውልሽ!» አልኳት። «ከሶዶ ትኩስ የመጣ ዜና ነው። እንደ ትናንቱ! ትናንት ደግሞ ሰድበውኛል፤ ስለዚህ ደህና ናቸው።»

መስከረም በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ ሥጋ በዚያ በሚያቃጥለው በርበሬያችን፣ በዳጣ አዘዝኩ፣ በላሁ። ስልኬ ጠዋቱን ሙሉ አንድ ጊዜም አልጮኸም። የእኔ ስልክ! ሁልጊዜ «ይሄ ተበላሸ፣ ያ አልከፈት አለ» የሚለኝ ሕዝብ ጸጥ ብሏል። ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «ሥራዬ እንከን አጥቶ ነው» ብዬ ኮራሁ።

ተመልሼ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ የሶዶ መኪና ግቢ ገባ። ዶክተር ዳዊት ወረደ። ከኋላው ሲስተርን የተካችው ወጣቷ ነርስ ማርታ፣ ቀጥሎ የሆስፒታሉ የበር ጥበቃ የሆኑት የእኔ ጎረቤት ጋሽ ሳና። ዶክተሩ ሥራ ትቶ ቤሌ? ሥራዬን ሊያይ ነው የመጣው ብዬ ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ ሠርቷል! ይኸው ይመልከቱ!» ስክሪኑን አዞርኩለት።

«አየሁት» አለ። «ወንበር አምጡ። መስከረም፣ አንቺም ነይ።»

ጋሽ ሳና ቆባቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ዶክተሩም አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘ። ሰላምታ መስሎኝ ሰጠሁት። ጣቱ ቀስ እያለ ወደ አንጓዬ ወረደ።

ያኔ አወቅኩ።

ለካ ያረፉት ንጋት ላይ ነው። ሶዶ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ «ቤሌ እስክንደርስ ማንም እንዳይደውልለት፣ ማንም እንዳይለጥፍ» ብለው ከተማውን ሙሉ አፉን አስይዘውልኛል። ሲስተር ናቸው ያዘዙት፤ «ጉረኛው ካለበት ሄዳችሁ ንገሩት፣ ቁጭ አድርጋችሁ» ብለው። የእኔን ለቅሶ አልተርክላችሁም። መስከረም በልጣኛለች፤ በሌላ ነገር እንደማትበልጠኝ ግን ይመዝገብልኝ።

እንባችን ጋብ ሲል ማርታ ወደ ደጅ ወጣች። ሶዶ ደውላ «ተቀምጠናል» ስትል ሰማኋት። ስክሪኑን ቀና ብዬ አየሁ። ዓይን ሳይጨፈን መስመሩ ተለወጠ።

እኔ ብዙ ፈጣን ነገር ሠርቻለሁ፤ ሶዶ መጥታችሁ ጠይቁ፣ ያልሰማ የለም። ከሁሉም የምኮራበት ግን ያ ጠዋቱን ሙሉ የዘገየው ነው። መርዶዬን ይዞ፣ ሥጋዬን በዳጣ እስክጨርስ ጠብቆኛል።